ትንሽ ልጅ ላለበት ቤት ትንሽ ውሻ ስትመርጡ

(ይህ ባለፈው ቅዳሜ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ለተሰበሰቡ ወላጆች ያቀረብኩት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻላችሁ ስለጠየቃችሁኝ፣ እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።)

እንደምን አረፈዳችሁ፣ ወላጆች!

ቅዳሜ ጠዋት ነው። አስቤዛ አለ፣ የልብስ ክምር አለ፣ የሚደረስበት ልቅሶና ሠርግ አለ። ያን ሁሉ ትታችሁ ስለ ውሻ ለመስማት ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። የጋበዘኝን የወላጆች ኮሚቴም አመሰግናለሁ። ልጆቹን ጓሮ ይዘው እያጫወቱልን ያሉትን መምህራንም እግዚአብሔር ይስጥልን።

ራሴን ላስተዋውቅ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የተማርኩት ቢሾፍቱ ነው። ከተመረቅኩ 16 ዓመት ሆኖኛል። መጀመሪያ ገጠር ከብትና በግ አክም ነበር። አዲስ አበባ ከመጣሁ ወዲህ ግን በአብዛኛው የማክመው ውሻ ነው። የሁለት ልጆች እናትም ነኝ። ታላቅየው 11 ዓመቱ ነው፣ ታናሺቱ 6።

ከወንበሬ ሥር የተኛውን አይታችሁታል? ቡቺ ነው። ዕድሜው 9 ዓመት፣ ክብደቱ 8 ኪሎ። መጨረሻ ላይ አስተዋውቃችኋለሁ። እስከዚያ ይተኛ።

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። ልጁ «ውሻ ግዙልኝ» እያለ የሚጨቀጭቀው ስንት ሰው አለ? እጃችሁን አውጡ። እሺ። አሁን ደግሞ «ትልቅ ውሻ ያስፈራል፣ ትንሽዬ ትሁንልን» የምትሉ? አያችሁ፣ አንድም እጅ አልወረደም።

ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማለሁ። ስልክ ይደወላል። «ዶክተር፣ ልጄ ሦስት ዓመቷ ነው። በጣም ትንሽ የሆነች፣ እጅ ላይ የምትያዝ ውሻ አፈላልጊልን።» ሐሳቡ ይገባኛል። ለትንሽ ልጅ ትንሽ ውሻ፣ የሚስማማ ይመስላል። ግን ብዙ ውሻ የተሰበረው፣ ብዙ ልጅም የተነከሰው በዚሁ ሐሳብ ነው። ስለዚህ ዛሬ የመጣሁበትን ነገር ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ትንሽ ልጅ ላለበት ቤት በጣም ትንሽ ውሻ አትግዙ። ደግሜ ልበለው፦ በጣም ትንሽ ውሻ አትግዙ!

ሦስት ነጥብ ይዣለሁ። መጠን፣ ጠባይ፣ ጤና። በመጠን ልጀምር፤ እሱ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እወስዳለሁ።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ ማግስት አንድ አባት ክሊኒካችን መጣ። በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ደረቱ ላይ አስጠግቷል። ከኋላው አራት ዓመት የሚሆናት ልጅ ሱሪውን ይዛ ተከትላዋለች። አንድ እግሯ ላይ ጫማ የለም፣ ሲጣደፉ ወልቆ ቀርቷል። ፎጣውን ስከፍተው የአራት ወር ቺዋዋ ነው። ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ 1 ኪሎ ከ200 ግራም። የቀኝ የፊት እግሩ እንደ ክር ተንጠልጥሏል። ራጅ አነሳነው። የእግሩ አጥንት ምን ያህል ይመስላችኋል? ከክብሪት እንጨት ብዙም አይወፍርም። የዚያ እግር ሁለቱም አጥንቶች ተሰብረዋል።

ምን ሆኖ ነው አልኩ። አባትየው ዝም አለ። ልጅቷ ናት የመለሰችልኝ። «አቅፌው ነበር። ሶፋ ላይ። እኔ አልጣልኩትም፣ እሱ ነው የዘለለው።» እውነቷን ነው። አልጣለችውም። ጠበቅ አድርጋ አቀፈችው፣ ጨነቀው፣ ተፈናጥሮ ወረደ። ከሶፋ! ከጣሪያ አይደለም፣ ከፎቅ አይደለም፣ ከሶፋ። ያቺ ልጅ ለቅሶዋን እያፈነች ስትቆም ያየሁት ፊቷ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። የአራት ዓመት ልጅ ልትሸከመው የማይገባ ነገር ነው የተሸከመችው። ጥፋቱ የማን ነው? የልጅቷ አይደለም። የውሻውም አይደለም። ያ ውሻ ለዚያ ቤት አልነበረም።

ቺዋዋ የሜክሲኮ ዝርያ ነው። ሲያድግም ከ3 ኪሎ በታች ነው። የብዙዎቹ አናት ላይ ደግሞ እንደ ሕፃን እርግብግቢት አለ። የሕፃን እርግብግቢት ይገጥማል፤ የቺዋዋ ግን ዕድሜ ልኩን ሳይገጥም ሊቀር ይችላል። እናቶች፣ እርግብግቢቱ ያልገጠመ ሕፃን ለአራት ዓመት ልጅ ሰጥታችሁ ወጥ ቤት ትገባላችሁ? አትገቡም።

ፖሜራኒያንም እንደዚያው ነው። ያ ሁሉ ፀጉር ሲረጥብ ውስጡ ያለው 2 ኪሎ፣ ቢበዛ 3 ኪሎ ነው። ዮርክሻየር ቴሪየርና ማልቲዝም ከ3 ኪሎ ብዙም አያልፉም። ክፉ ውሾች አይደሉም። ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን፣ ልጆቻቸው ላደጉላቸው ሰዎች በጣም ደስ የሚሉ ናቸው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የሚባል ቺዋዋ እንደነበራቸው ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ንጉሠ ነገሥቱን እየተከተለ የተነሣው ፎቶ አለ። ለሉሉ ቤተ መንግሥቱ ይስማማው ነበር። እኛ ቤት ግን ኳስ የሚጠልዝ፣ በሩን ገጭ የሚያደርግ፣ ከአልጋ ላይ የሚዘል ልጅ አለ።

አሁን ነገሩን ከውሻው ወገን እንየው። የሁለት ዓመት ልጅ 12 ኪሎ ገደማ ነው። ቺዋዋው 2 ኪሎ ነው። ስድስት እጥፍ! እናንተ 60 ኪሎ ብትሆኑ ስድስት እጥፋችሁ 360 ኪሎ ነው። አንድ ደህና በሬ ማለት ነው። ያ በሬ እየጮኸ፣ እየሮጠ መጥቶ ሊያቅፋችሁ ሲል ምን ታደርጋላችሁ? መጀመሪያ ትሸሻላችሁ። መሸሻ ብታጡስ? ውሻ እጅ የለውም። ገፍቶ «ተው» ማለት አይችልም። ያለው ጥርስ ነው።

ልጅ ሲነከስ ደግሞ የት ነው የሚነከሰው? ትልቅ ሰው እጁን ወይም እግሩን ነው። ትንሽ ልጅ ግን ፊቱን ነው። ቁመቱ እዚያው ነው፣ ሊስም ሲያጎነብስም ፊቱን ነው የሚሰጠው። በብዛት የሚነክሰውም የመንገድ ውሻ እንዳይመስላችሁ። ልጁ የሚያውቀው ውሻ ነው፤ የቤቱ፣ የአክስቱ፣ የጎረቤቱ።

ታዲያ ስንት ኪሎ ይሁን? የእኔ ምክር ከ6 እስከ 10 ኪሎ ነው። ትንሽ ውሻ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራል፣ አንድ እጅ ያነሳዋል። ግን ጠንከር ያለ ነው። ልጅ ቢደናቀፍበት ተነሥቶ ይሄዳል።

በዚህ መጠን ውስጥ ምን አለ? ሚኒየቸር ፑድል አለ። ብልህ ነው፣ ፀጉሩ ብዙ አይረግፍም፣ ትምህርት ቶሎ ይገባዋል። ቶይ ፑድል ከተባለው ጋር እንዳታምታቱት፣ እሱ በጣም ትንሹ ነው። እዚህ ከተማ ደግሞ ነጭና ፀጉራም የሆነ ሁሉ «ፑድል» ተብሎ ነው የሚሸጠው። እናቱን ካላያችሁ ሲያድግ ስንት እንደሚመዝን አታውቁም። ቢሾን ፍሪዜ ጥሩ ነው፣ ደስተኛ ውሻ ነው፣ ማበጠሪያ ግን ከእጃችሁ አይለይም። ሺትዙ ከፍ ባለው ክብደቱ፣ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ሲሆን፣ ከልጅ ጋር ይስማማል፤ አፍንጫውና ዓይኑ ላይ ግን እመለስበታለሁ።

ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓንያል የሚባለውን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ጠባዩን ብቻ ብትጠይቁኝ ለልጅ ከዚህ የሚመች ትንሽ ውሻ አላውቅም። ልቡ ለስላሳ ነው። ግን ያው ልቡ ነው የሚገድለው። የልብ ቫልቭ በሽታ በዘሩ ውስጥ ገብቷል። የራስ ቅሉ ጠቦ አንጎሉን የሚጨቁንበትም አለ። ኖርዌይ ውስጥ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የኦስሎ ፍርድ ቤት ይህን ዝርያ ማራባት የእንስሳት ደህንነት ሕጉን ይጥሳል ብሏል። ስድስት ዓመት ሳይሞላው ልቡ የሚደክም ውሻ ለልጃችሁ ስትገዙ፣ አብራችሁ ሐዘን እየገዛችሁ ሊሆን ይችላል። ይህን አውቃችሁ ወስኑ።

ሁለት ዝርያ ደግሞ ልጅ ላለበት ቤት አልመክርም። አንዱ ዳክስሁንድ ነው፤ ያ እግሩ አጭር ወገቡ ረጅም የሆነው። ወገቡ ቶሎ ይጎዳል። ልጅ ከሆዱ ይዞ ሲያነሳው የአከርካሪው ዲስክ ሊንሸራተት፣ ከወገቡ በታች ሽባ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት ደግሞ፣ ሰው ላይ በመነሣት ዳክስሁንድ፣ ቺዋዋና ጃክ ራስል ከፊት ረድፍ ነበሩ። የምንፈራቸው ትልልቆቹ አይደሉም፣ ትንንሾቹ ናቸው! ጃክ ራስል ሁለተኛው ነው። እንግሊዝ አገር ቀበሮ ከጉድጓድ ለማስወጣት የተራባ ውሻ ነው። ቀኑን ሙሉ ቢሮጥ አይደክመውም። ልጆቻችሁ 10 እና 12 ዓመት ከሆኑ፣ ግቢም ካላችሁ፣ እሺ። ለሦስት ዓመት ልጅ ግን አይሆንም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልግባ። ጠባይ።

ይህን ሁሉ የዝርያ ስም ከዘረዘርኩ በኋላ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳይንስ የተባለው መጽሔት ላይ አንድ ትልቅ ጥናት ወጣ። ከ18,000 በላይ ውሾች ባለቤቶች ስለ ውሾቻቸው ጠባይ ተጠየቁ፣ ከ2,000 በላይ የሚሆኑትም ዘረ መል ታየ። በውሻና በውሻ መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ዝርያ የሚያስረዳው በአማካይ 9 በመቶ ያህሉን ብቻ ሆኖ ተገኘ። 9 በመቶ! የቀረው ሌላ ነገር ነው፤ እናቱ፣ አስተዳደጉ፣ መጀመሪያ ሳምንታቱን ከማን ጋር እንዳሳለፈ፣ ራሱ ውሻው። የአንድ እናት ልጆች እንኳ ጠባያቸው ይለያይ የለ?

ስለዚህ ዝርያ መርጣችሁ አትጨርሱ። ውሻውን ምረጡ። እዚያ ቤት ያለውን፣ ያንን አንዱን።

እንዴት ነው የሚመረጠው? ቡቺን ያገኘሁበትን ልንገራችሁ። ዛሬ 11 ዓመት የሆነው ልጄ ያኔ አራት ዓመቱ ነበር። አንድ ቤተሰብ ወደ ካናዳ ሊሄድ ነው፣ የሁለት ዓመት ውሻ አላቸው። እናቱ ፑድል የምትመስል ክልስ ናት፣ አባቱ የሰፈር የሐበሻ ውሻ ነው። መልኩን ታያላችሁ፣ ፀጉሩ ግማሹ የተጠቀለለ ግማሹ ቀጥ ያለ። ገዢ አልነበረውም። ሰው ሁሉ የሚፈልገው ነጭ ቡችላ ነው።

አራት ጊዜ ሄድኩ። መጀመሪያ ብቻዬን። ቁጭ ብዬ ዝም ብዬ አየሁት። የቁልፍ መያዣዬን ሆን ብዬ ሴራሚኩ ላይ ጣልኩት። ደነገጠ፣ ወደ ኋላ አለ፣ ከዚያ ተመልሶ መጥቶ አሸተተው። እሱን ነበር የምፈልገው! መደንገጡ ችግር የለውም። ቶሎ መረጋጋቱን ነው የማየው። ልጅ ያለበት ቤት ቀኑን ሙሉ ነገር ይወድቃል። ሁለተኛ ቀን እግሩን፣ ጆሮውን፣ ጅራቱን ነካካሁት። ሦስተኛ ቀን ምግብ እየበላ አጠገቡ አለፍኩ። ሰውነቱ ደርቆ ቢቀር፣ ምግቡን እንደ መዋጥ ቢለው ትቼው እሄድ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ፣ ጅራቱን ወዘወዘ፣ መብላቱን ቀጠለ። አራተኛ ቀን ልጄን ይዤ ሄድኩ። ልጄ ወለል ላይ ተቀመጠ፣ ቡቺ ራሱ መጥቶ ጎኑ ጋ ተኛ። ልጁ አልሄደበትም፣ እሱ ነው የመጣው።

ለዚህ ነው ሁለት ዓመት የሞላው ውሻ ውሰዱ የምለው። ቡችላ ያምራል፣ አውቃለሁ። ግን ቡችላ ይነክሳል፣ ጥርሱ መርፌ ነው፣ ሌሊት ያለቅሳል፣ ወለል ያረጥባል። የሁለት ዓመት ልጅና የሁለት ወር ቡችላ አንድ ላይ ማሳደግ መንታ ማሳደግ ነው። ያደገ ውሻ ግን የሆነውን ሆኗል፤ ያያችሁት ጠባይ ነው የምትወስዱት። የኛ ሰው የሐበሻ ውሻ ወይም ክልስ ሲባል ፊቱን ያዞራል። ያሳዝነኛል። ከነሱ መሐል ምን ያህል ደግ ውሻ እንዳለ እኔ ነኝ የማውቀው።

የግድ ቡችላ ከሆነ ደግሞ ከስምንት ሳምንት በፊት ከእናቱ አትለዩት። ንክሻውን ማለዘብ የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ነው። እናቱንም እዩ። እናቱን ማሳየት ያልፈለገ ሰው ጋ አትግዙ።

ሦስተኛው ነጥብ ጤና ነው። እዚህ ላይ ሆዴ የሚባባበት ነገር አለ።

መንገድ ዳር በካርቶን የሚሸጡትን ቡችሎች ታውቋቸዋላችሁ። የመኪና መስኮት ሲከፈት ብድግ ተደርገው የሚታዩትን። አንዲት እናት ለልጇ ልደት አንዱን ገዛች። «ተከትቧል» ተባለች። ወረቀት ግን የለም። በሦስተኛው ቀን መብላት አቆመ። በአራተኛው ቀን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ። እኔ ጋ ሲመጣ ፓርቮ የሚባለው ቡችላ የሚገድል የአንጀት በሽታ ነው። ግሉኮስ ሰካንለት፣ ሌሊቱን አደርንበት፣ ሊነጋ ሲል ሞተ። ልጁ ስም አውጥቶለት ነበር። በየወሩ ይህን አያለሁ። የፓርቮ ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ላይ ይጀመርና 16 ሳምንት እስኪሞላው በየሦስት አራት ሳምንቱ ይደገማል። «ተከትቧል» ያለ ሰው ካርዱን ያሳያችሁ። ካርድ ከሌለ አልተከተበም ብላችሁ ቁጠሩ።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ ሦስት ወር ሲሞላው ይሰጣል፣ ከዚያ በየዓመቱ። «የእኔ ትንሽ ነው፣ ከቤት አይወጣም» እንዳትሉ! ጎረቤቴ እንደዚህ ነበር የምትለው። ነጭ ትንሽዬ ውሻ ናት፣ ደጅ አታውቅም። አንድ ቀን የቆሻሻ መኪና ጥሩምባ ሲነፋ በሩ ተከፈተ። ወጣች። ከአንድ የመንገድ ውሻ ጋር ተናክሳ ተመለሰች። ከሳምንት በኋላ የጎረቤቴን የአምስት ዓመት ልጅ እጁን ነከሰችው። ጭረት ናት፣ ይህችን የምታክል። ደውላ «ትንሽ ናት፣ ምንም አትልም አይደል?» አለችኝ። የጭረት ትንሽ የለውም! በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቢው አልኳት። 15 ደቂቃ፣ በሰዓት ተቆጥሮ። ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም። ልጁ መርፌውን ጀመረ። ውሻዋን አሥር ቀን ለይተን ተከታተልናት፣ ደህና ሆነች። ባትሆንስ? ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መመለሻ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ አብዷል ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ጠበል እወስደዋለሁ ካላችሁ ውሰዱት፣ እምነታችሁን አልነካም። መርፌውን ግን አታስቀሩ፣ አታዘግዩ። ፓስተር ሰፈር ስሙን ያገኘው በማን ይመስላችኋል? እ.ኤ.አ. በ1885 የመጀመሪያውን የዚህ በሽታ ክትባት ለሰው በሰጠው በሉዊ ፓስተር ነው። የተከተበው ደግሞ ልጅ ነበር፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ በውሻ የተነከሰ።

ስለ አፍንጫ እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። ፐግ፣ ፍሬንች ቡልዶግ፣ ፒኪኒዝ፣ ሺትዙም ጭምር አፍንጫቸው ደፍጣጣ ነው። ሲተኙ ሲያንኮራፉ ሰው ይስቃል። እየታፈኑ እኮ ነው። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከቆላ የመጣ ጤነኛ ሰው እንኳ እዚህ ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል። ከልጅ ጋር ኳስ እየተከተለ የሚሮጥ ውሻ ትንፋሽ ያስፈልገዋል። ዓይናቸውም ወጣ ያለ ስለሆነ የልጅ ጣት በቀላሉ ያገኘዋል።

ምግብን በአጭሩ። የኛ ቤት ውሻ የሚበላው ትራፊ ነው፣ እንጀራ ከወጥ ጋር። ወጥ ምንድን ነው? ሽንኩርት ነው! ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ ቢበስልም ያው ነው። 30 ኪሎ ውሻ የቻለውን 6 ኪሎ ውሻ አይችለውም። የዶሮ አጥንት፣ ቸኮሌት፣ ዘቢብም አይሰጥ። ልጆቻችሁ ከገበታ ሥር እየደበቁ ይሰጣሉና ለነሱም ንገሯቸው።

የበዓል ሰሞን ደግሞ በግ ስታርዱ ሳንባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ነገር ካያችሁ ለውሻ አትወርውሩ። ቅበሩት፣ አቃጥሉት። ውሻው ያንን ሲበላ ትል ሆድ ውስጥ ይፈላል። እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ፀጉሩ ላይ ይቀራል፣ ልጁ ደባብሶ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ያ ውኃ የቋጠረው ነገር በልጁ ጉበት ላይ ሲበቅል ዓመታት ይፈጃል። የትል መድኃኒት በጊዜው ስጡ፣ እጅ አስታጥቡ።

ከመጨረሴ በፊት ቤት ሄዳችሁ የምትነጋገሩበት ነገር አለ። ውሻ የሚገዛው ለልጅ ነው ይባላል፣ የሚያሳድገው ግን ትልቅ ሰው ነው። ትንንሽ ውሾች 12፣ 15 ዓመት ይኖራሉ። ዛሬ አራት ዓመት የሆነው ልጃችሁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ውሻው እናንተ ጋ ነው። አያት አብረዋችሁ ይኖራሉ? ጠይቋቸው። ውሻ ከደጅ እንዳያልፍ የሚፈልጉ ከሆነ፣ በሃይማኖታቸውም ሆነ በልማዳቸው፣ ያ ሊከበር ይገባል። ሠራተኛችሁንስ ጠይቃችኋል? ቀን ከልጁም ከውሻውም ጋር የምትውለው እሷ ናት። ውሻ የምትፈራ ሠራተኛ ላይ ውሻና ሕፃን ትታችሁ ሥራ መግባት ለማንም ጥሩ አይደለም። ልጃችሁ ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ «ትንሽ እንቆይ» ማለት ነውር የለውም። ቆዩ።

ከገዛችሁ በኋላ አንድ ሕግ ያዙልኝ። ልጅና ውሻ ብቻቸውን አይቀመጡ። አንድ ደቂቃም፣ ስልክ ለማንሳትም፣ ቡና ለማውጣትም። ስትወጡ አንዱን ይዛችሁ ውጡ። ውሻው ልጅ የማይደርስበት የራሱ ጥግ ይኑረው። ፊቱን ሲያዞር፣ ከንፈሩን ሲልስ፣ ሳይተኛ ሲያዛጋ፣ የዓይኑ ነጭ ሲታይ፣ «በቃኝ» እያለ ነው። ሲያጉረመርም አትምቱት። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። ማስጠንቀቂያውን በዱላ ካጠፋችሁበት በሚቀጥለው ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል።

አንድ እናት ቅድም በር ላይ ጠይቃኝ ነበር። ልጇ አስም አለበት፣ ፀጉሩ የማይረግፍ ውሻ ቢሆን ይስማማዋል ወይ ብላ። ፀጉር ባይረግፍም አለርጂውን የሚያነሳው ነገር ምራቁና ቆዳው ላይም አለ። ፈጽሞ አለርጂ የማያስነሳ ውሻ የለም። የልጁን ሐኪም አማክሪ፣ ከዚያ ውሻ ያለበት ዘመድ ቤት ደጋግማችሁ ሂዱና ልጁ እንዴት እንደሚሆን እዪ። ገዝቶ መመለስ ለልጁም ለውሻውም ከባድ ነው።

ልጆቹ እየመጡ ነው፣ ድምፃቸው ተሰማኝ። ወላጆች፣ እባካችሁ ባላችሁበት ተቀመጡ። ቡቺ፣ ና። ጎሽ።

በሉ ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ? አንድ በአንድ ነው የምንመጣው፣ አንሮጥም። አንተ ቀይ ሹራቡ፣ ጀምር። መጀመሪያ ምን ትላለህ? «ልንካው?» ትላለህ። ጎበዝ። አሁን ቁጭ በል፣ እጅህን ጭብጥ አድርገህ ጭንህ ላይ አስቀምጥ። አትዘርጋው፣ እሱ ይምጣ። እየው፣ እያሸተተህ ነው። አሁን ደረቱን እሸው፣ አናቱን ተወው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ እጅህን አንሣ። ምን አደረገ? ተጠጋህ አይደል? እንግዲያው ፈልጎሃል፣ ድገመው።